በቼኩ ግርጌ የተጻፈው ቃል፦ የሚሲዮን ሕክምና ገንዘብ እንዴት ይሰበሰባል፣ የትስ ይውላል?

እሑድ ጠዋት፣ ሚኒሶታ ውስጥ ባለች አንዲት የሉተራን ቤተ ክርስቲያን፣ ከአፍሪካ ለእረፍት የተመለሰች ሚሲዮናዊት ነርስ ከስብከቱ በፊት አሥር ደቂቃ ተሰጥቷት ፎቶግራፎች ታሳያለች እንበል። በመጀመሪያ የታመመ ሕፃን ይታያል፤ ቀጥሎ ሣር ላይ ነጠላ አንጥፈው ተራ የሚጠብቁ አስታማሚዎች፤ በመጨረሻም ያው ሕፃን ድኖ ሲስቅ። መዝሙር ይዘመራል፣ መባ ይሰበሰባል፤ ከምእመናኑም አንዳንዱ ቼክ ይጽፍና በግርጌው ባለችው ጠባብ መስመር ላይ «ለሕፃናት ቀዶ ሕክምና» ብሎ ያክልበታል። የክርስቲያን ሚሲዮኖች በውጭ አገር ለሚያካሂዱት የሕክምናና የርዳታ ሥራ የሚውለው ገንዘብ ብዙው የሚገኘው በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። ገንዘቡ የት ደርሶ ምን እንደሚሠራ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ያችን በግርጌው የተጻፈች ቃል ቢከተል አይሳሳትም።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በንግሥ ዕለት ደብር ውስጥ የቆመ ሰው፣ ስእለት ያለበት ምእመን ጥላ፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍና ጧፍ ተሸክሞ ሲመጣ ያያል። የተሳለው ጥላ ከሆነ የሚመጣው ጥላ ነው፤ ደብሩ ቀድሞ ሃያ ጥላ ይኑረው አይኑረው፣ ዲያቆኑ ደመወዙን ያግኝ አያግኝ ስእለተኛው አይጠይቅም። አጥቢያዎቻችን ለዚህ ጥሩ ብልሃት አላቸው፤ የተረፈውን ጥላ እዚያው ዐውደ ምሕረት ላይ ያጫርቱትና ወደ ገንዘብ ይለውጡታል። ሆስፒታል ግን በስጦታ የመጣለትን የራጅ መሣሪያ አጫርቶ የነርስ ደመወዝ ሊከፍልበት አይችልም። በሒሳብ ሠራተኞች ቋንቋ «ለተወሰነ ዓላማ የተሰጠ ገንዘብ» የሚባለው ይህ ነው፤ ሰጪው ካዘዘው ውጭ ማዋል ከእምነት ማጉደል አልፎ በብዙ አገር በሕግ ያስጠይቃል። ለማንኛውም አስፈላጊ ሥራ ሊውል የሚችለው «ያልተገደበ ገንዘብ» የሁሉም ሒሳብ ሹም ምኞት ነው፤ ሲመጣ ግን በጥቂቱ ነው።

ሁሉም ሚሲዮን ገንዘብ የሚሰበስበው በአንድ መንገድ አይደለም። እንግሊዛዊው ጄምስ ሃድሰን ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1865 የቻይና የውስጥ አገር ሚሲዮንን ሲመሠርቱ ከማንም ገንዘብ ላለመለመን፣ ዕዳ ውስጥ ላለመግባትና ለሠራተኞቻቸው የተቆረጠ ደመወዝ ላለመወሰን ደንብ አወጡ። የመጣው ይካፈላል፤ ካልመጣ ይጸለያል። ከእሳቸው በኋላ የተነሡት «የእምነት ሚሲዮኖች» የሚባሉት፣ እኛ ዘንድ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ የሠራው የሱዳን የውስጥ አገር ሚሲዮን (ኤስ.አይ.ኤም.) ጭምር፣ የዚህ አስተሳሰብ ልጆች ናቸው። እርግጥ ነው፣ አለመለመን ማለት አለመናገር አልነበረም፤ በመጽሔትና በጉባኤ የሥራው ስፋትና የሠራተኛው እጥረት በሰፊው ይነገር ነበር፤ የሚዘለለው «ስጡን» የሚለው የመጨረሻው ቃል ብቻ ነው።

በሌላ በኩል የአሜሪካ ደቡብ ባፕቲስቶች የጋራ ቋት አቋቋሙ። በቻይና ለአርባ ዓመት ገደማ ያገለገለችው ሎቲ ሙን አገር ቤት ያሉትን ሴቶች በደብዳቤ ስለወተወተች እ.ኤ.አ. በ1888 ለውጭ አገር ሚሲዮን የገና መባ መሰብሰብ ተጀመረ፤ መባው ከ1918 ወዲህ በስሟ ይጠራል። በዚህ አሠራር ሚሲዮናዊው ደመወዝተኛ ነው፤ አጥቢያው ወደ ቋቱ ይከታል፣ ቦርዱ ያከፋፍላል። ማንም ሰጪ «የእኔ ሐኪም» ብሎ የሚጠራው ሰው ስለሌለው ስሜቱ ይቀዘቅዛል፤ ሆኖም አንደበተ ርቱዕ ያልሆነው ሠራተኛም እንደ ሌላው እኩል ይበላል።

የዶክተር አልበርት ሽዋይትዘር መንገድ ከሁለቱም ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1913 ጋቦን ውስጥ ላምባሬኔ ወደተባለው ስፍራ ሲሄዱ፣ የፓሪሱ የሚሲዮን ማኅበር በሥነ መለኮት አቋማቸው ስለተጠራጠረ በሚሲዮኑ ጣቢያ ሆስፒታል እንዲከፍቱ የፈቀደላቸው ወጪያቸውን ራሳቸው ሊሸፍኑና ከመስበክ ሊቆጠቡ ቃል ከገቡ በኋላ ነው። ገንዘቡን ያገኙት ከወዳጆቻቸው፣ አውሮፓ ውስጥ ካሳዩት የኦርጋን ኮንሰርትና ከንግግር መድረኮች ነበር። የ1952ን የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲያገኙም ገንዘቡን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር መሥሪያ አዋሉት። አንድ ሆስፒታል በአንድ ሰው ዝና ላይ ሊቆም እንደሚችል በሳቸው ታይቷል፤ ሰውየው ሲያልፍ ደግሞ ሆስፒታሉ ሌላ ምሰሶ መፈለግ ግድ ይሆንበታል።

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት የግል ድጋፍ የሚባለው አሠራር ነው። ወላይታ ሶዶ ወይም ኬንያ ሄዶ ለማገልገል የሚፈልግ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ሆስፒታሉ ደመወዝ አይከፍለውም፤ ከመሄዱ በፊት ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን እየዞረ በየወሩ ሃምሳ ወይም መቶ ዶላር ሊሰጡ ቃል የሚገቡ ሰዎችን ይሰበስባል። ጡረታውና የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ሳይቀሩ ከዚያው ይሸፈናሉ። «ሜርሲ ሺፕስ» የተባለው፣ መርከቦችን ወደ ሆስፒታልነት ለውጦ በአፍሪካ ወደቦች የሚያክመው ክርስቲያናዊ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1978 ሲቋቋም ይህንኑ ሐሳብ ይዞ ተነሣ፤ ስድስት የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ባሉት ግዙፉ መርከቡ «ግሎባል ሜርሲ» ላይ ያሉት ሐኪሞች፣ ነርሶችና ምግብ አብሳዮች በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ለጉዟቸውና ለቆይታቸው ወጪም ራሳቸው ይከፍላሉ።

ለተቀባዩ ሆስፒታል ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ደመወዝ የማይጠይቅ ስፔሻሊስት ያገኛል። ችግሩ የሚታየው ሐኪሙ የሚመለስበት ቀን ሲደርስ ነው። ልጁ ኮሌጅ ይገባል፣ እናቱ ትታመማለች፣ ወይም ዋና ደጋፊው የነበረው አጥቢያ መጋቢ ይቀይርና ልቡ ወደ ሌላ ሥራ ያዘነብላል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ገንዘቡ በስሙ የተሰጠ ስለነበር ደመወዙም አብሮት ይሄዳል፣ በቦታው ኢትዮጵያዊ ለመቅጠር የሚተርፍ ሳንቲም አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተውና በአፍሪካ የሚሲዮን ሆስፒታሎች ውስጥ አፍሪካውያን ቀዶ ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው የክርስቲያን ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚ፣ ከማሠልጠኛዎቹም አንዱ የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ነው፣ ይህንን ክፍተት ለመድፈን ከተሞከሩት መንገዶች በእኔ ግምት ከሁሉ የተሻለው ነው። ቢሆንም ሠልጣኝን አምስት ዓመት ማስተማር፣ አንድ ሕፃን በአንድ ቀን ሲድን እንደሚያሳይ ፎቶግራፍ ልብ አይነካም፤ ስለዚህ ገንዘብ የሚገኝለት በስንት ልመና ነው።

አሁን መቶ ዶላር የጻፈውን ያንን የሚኒሶታ ምእመን እንከተለው። በአሜሪካ ሕግ ስጦታው ከሚከፍለው ግብር ላይ ታሳቢ ሊሆንለት የሚችለው ገንዘቡን የተቀበለው የተመዘገበ በጎ አድራጊ ድርጅት ወይም ቤተ ክርስቲያን ሲሆንና ድርጅቱ በገንዘቡ ላይ ሙሉ ሥልጣን ሲኖረው ነው። «ለእገሊት ልጅ ሕክምና» ብሎ በቀጥታ ለአንድ ግለሰብ ካሰረው ግን እንደ ግል ስጦታ ይታያል። በደረሰኞች ላይ «ከታሰበው በላይ ከተሰበሰበ ለተመሳሳይ ዓላማ ይውላል» የሚል ጥቃቅን ጽሑፍ የሚገኘው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የተንኮል ምልክት አይደለም። ከዚያ ሚሲዮኑ ለጽሕፈት ቤት፣ ለኦዲትና ለሒሳብ ሥራ ከስጦታው የተወሰነ ድርሻ ይቆርጣል፤ ድርሻው ከድርጅት ድርጅት ቢለያይም ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ነው። ይህን ሲሰሙ የሚቆጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ኦዲተር በነጻ አይሠራም፤ ኦዲት የሌለበት ሚሲዮን ደግሞ ከመቶው ሙሉውን እልካለሁ ሲል የሚያረጋግጥለት ሰው የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ምንዛሬ ነው፤ የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ምዕራፍ ከማንም በላይ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. እስከ ሐምሌ 2024 መጨረሻ ድረስ አንድ ዶላር በባንክ የሚመነዘረው ከ57 እስከ 58 ብር ባለው ዋጋ ሲሆን፣ በትይዩ ገበያ ግን የዚያን እጥፍ ገደማ ያወጣ ነበር። ሆስፒታሉ ሕጉን አክብሮ ዶላሩን በባንክ ያስገባል፤ ጓንት፣ የላቦራቶሪ ኬሚካልና የቀዶ ሕክምና ክር ሲገዛ ግን ነጋዴው ዋጋውን የሚያወጣው በትይዩ ገበያው ሒሳብ ነው። በዚህ መካከል የምእመኑ መቶ ዶላር ማንም ሳይሰርቀው ግማሹ ይተናል። በዚያ ዘመን ቡድኖች መድኃኒቱንና መሣሪያውን በሻንጣና በኮንቴይነር ጭነው ማምጣትን የመረጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፤ ብሩ ከተንሳፈፈ በኋላ ክፍተቱ ጠብቧል፣ በዕቃ የመላክ ልማዱ ግን አብሮ አልጠፋም።

በዕቃ የሚመጣ ርዳታ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመድኃኒት ልገሳ ባወጣው መመሪያ ከጠቀሳቸው መጥፎ ምሳሌዎች አንዱ ከጎረቤታችን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989፣ በነጻነት ጦርነቱ ጊዜ፣ ወደ ኤርትራ ከተላከው መካከል ጊዜው ያለፈበት ሰባት የጭነት መኪና ሙሉ አስፕሪን ነበረበት፤ አቃጥሎ ለመጨረስ ስድስት ወር ፈጅቷል። ጊዜው ያለፈበት 30,000 ጠርሙስ የአሚኖ አሲድ ፈሳሽም ሽታው ስለሚከብድ ሰው በሚኖርበት አካባቢ ሊወገድ አልቻለም። መመሪያው መድኃኒት ተቀባዩ አገር ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ ይቅረው የሚለው እንዲህ ያለውን አይቶ ነው። ኢትዮጵያም ዛሬ መድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ከመግባቱ አስቀድሞ ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲገኝ ትጠይቃለች፤ ጉምሩክ ላይ ዕቃ ተያዘብን ብለው የሚያማርሩ ቡድኖች ብዙ ጊዜ ይህን ደረጃ ዘለው የመጡ ናቸው።

አንድ ስሙን የማልጠቅሰው የክልል ሆስፒታል መጋዘን ውስጥ ሦስት የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ ሣጥኖች ላስቲካቸው ሳይገለጥ ቆመው አይቻለሁ። መጋዘን ጠባቂው አንዱን ከጀርባው አዞረልኝና ትንሿን የብረት ሰሌዳ በጣቱ አሳየኝ፤ «110 ቮልት» ይላል። የእኛ መስመር 220 ነው። «አንዱን ሰክተነው ነበር፤ ሸተተ» አለኝ። ላኪዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ከሣጥኑ ጋር አንድ ትራንስፎርመር ቢልኩ ኖሮ ሥራ ላይ ይውል ነበር። ማንም ግን ቼኩ ላይ «ለትራንስፎርመር» ብሎ አይጽፍም።

ከዚህ የባሰው ጉዳይ ግንባታውና መሣሪያው ከተሟላ በኋላ የዕለት ወጪውን ማን ይክፈል የሚለው ነው። ስጦታ ሕንፃ ይሠራል፣ በሩም ላይ የሰጪው ስም በእብነ በረድ ይቀረጻል፤ የናፍጣ፣ የኦክስጅንና የጽዳት ሠራተኛ ወጪ ግን በየወሩ ይመጣል። ሆስፒታሎቹ ለዚህ የሰጡት መልስ የተለያየ ነው። በሴኡል የሚገኘው የምዩንግሱንግ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ገርጂ የከፈተው፣ ብዙዎቻችን «ኮሪያ ሆስፒታል» የምንለው፣ ከታካሚ ክፍያ ይቀበላል፤ መክፈል የሚችለው ሰው የዕለት ወጪውን ሲጋራ የውጭው ስጦታ ለማስፋፊያና ለነጻ ሕክምና ይተርፋል። የሚሲዮን ሆስፒታል ገንዘብ ይጠይቃል ብሎ መገረም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ክፍያው ባይኖር ማታ ኦክስጅን አይኖርም።

በተቃራኒው የአዲስ አበባው ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ከታካሚዎቹ ምንም አይቀበልም፤ ሊቀበልም አይችልም፣ ወደ እሱ የሚመጡት በተራዘመ ምጥ ተጎድተው ሽንት የሚያመልጣቸው፣ ባልም ጎረቤትም የሸሻቸው ሴቶች ናቸውና። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በማንኛውም የሚሲዮን ማኅበር ሥር ባይሆኑም ሥራቸውን እንደ ክርስቲያናዊ ጥሪ የሚያዩ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ማሠልጠኛ ለማቋቋም ነው፤ የፊስቱላ ሕሙማንን አይተው የራሳቸውን ሆስፒታል በ1970ዎቹ አጋማሽ ከፈቱ፤ እስካሁንም ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመውበታል። የዳነችው ሴት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ወደ አገሯ ትመለሳለች፤ ያ ቀሚስ በአውስትራሊያ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ስንት ሰው እጁን እንዲዘረጋ እንዳደረገ መገመት አያዳግትም። ፊስቱላን ከምንጩ የሚያደርቀው ግን ምጥ ሲጠና በጊዜ የሚደርስ አዋላጅ ነው። የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ የተከፈተው በ2007 ነው፤ ጥንዶቹ ለአዋላጆች ሥልጠና ከመጡ ከአርባ ስምንት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አዋላጅ በሰዓቱ ስለደረሰች ሳትታመም የቀረችን ሴት ፎቶግራፍ ማንም አያነሣም።

አንዳንዴ ይህ የገንዘብ ጠባይ ሕክምናውን ራሱን ይለውጠዋል። ኪዩር የተባለው ክርስቲያናዊ ድርጅት በምሥራቅ ኡጋንዳ ምባሌ ከተማ ባቋቋመው የሕፃናት ሆስፒታል፣ ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈሳሽ የሚጠራቀምባቸው ሕፃናት በብዛት ይመጡ ነበር። የተለመደው ሕክምና ፈሳሹን ከጭንቅላት ወደ ሆድ የምታፈስ ቀጭን ቱቦ መቅበር ነው። ቱቦዋ በማንኛውም ቀን ልትደፈን ትችላለች፤ ቦስተን ላይ ብትደፈን አምቡላንስ አለ፣ ከምባሌ ሁለት ቀን በእግርና በአውቶቡስ የሚርቅ መንደር ውስጥ ብትደፈን ግን ልጁ ይሞታል። ስለዚህ ዶክተር ቤንጃሚን ዎርፍ በቀጭን መመልከቻ መሣሪያ አንጎል ውስጥ ለፈሳሹ አዲስ መውጫ መክፈትን ፈሳሹን የሚያመነጨውን ሥጋ ከመተኮስ ጋር አጣምረው፣ ብዙዎቹ ሕፃናት ቱቦ ሳያስፈልጋቸው እንዲኖሩ አደረጉ። ከስጦታው በኋላ የሚመጣውን ወጪ አስቀድሞ ያሰበ ሕክምና ይህን ይመስላል። ለሁለት ሳምንት መጥቶ የሚሄድ የሐኪሞች ቡድንም ሊመዘን የሚገባው በዚሁ ነው፤ አሥራ ሁለት ሰው እያንዳንዱ 3,000 ዶላር አውጥቶ ቢመጣ 36,000 ዶላር ወጣ ማለት ነው፣ ከሄዱ በኋላ ቁስል የሚያመረቅዘውን ታካሚ የሚያየው ግን የማን ደመወዝተኛ ነው?

የሰጪውን ትእዛዝ ከተቀባይ ወገን ሆኖ በግልጽ የሞገተ ድምፅ የተሰማው ከኢትዮጵያ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ገንዘብ ወደ ልማት ፕሮጀክት ይጎርፍ ነበር፤ በጀርመን «ዳቦ ለዓለም» የተባለው የፕሮቴስታንቶች ርዳታ ዘመቻ በ1959 ተጀምሯል፣ የምዕራብ ጀርመን መንግሥትም በአብያተ ክርስቲያናት በኩል የልማት ገንዘብ መስጠት ጀምሮ ነበር። የመንግሥት ገንዘብ ለስብከት ሊውል አይችልም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለክሊኒክና ለትምህርት ቤት ስትጠይቅ ታገኛለች፤ ምእመናኗ በፍጥነት ሲበዙባት ለመጋቢዎች ማሠልጠኛና ለጸሎት ቤት ስትጠይቅ ግን «ይህ ልማት አይደለም» ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1971 ጠቅላላ ጉባኤዋ ለጋሾች መመዘኛቸውን እንዲመረምሩ ጠየቀ፤ በ1972 ደግሞ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በወንጌል ስብከትና በሰው ልጅ ዕድገት ግንኙነት ላይ ረጅም ደብዳቤ ላከች። ዋና ጸሐፊዋ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው፤ እሳቸው በወጣትነታቸው በነቀምት የሚሲዮን ሆስፒታል የሠሩ፣ ቁስል ማሠርንም ስብከትንም የሚያውቁ ሰው ነበሩ። የደብዳቤው ክርክር በአጭሩ፣ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ ከፍሎ አንዱን ብቻ መርዳት የምዕራባውያን አስተሳሰብ እንጂ የእኛ አይደለም፣ ቅድሚያ የሚሰጠውንም መወሰን ያለበት እዚያው የሚኖረው ነው የሚል ነበር። ነገሩ እንደ ዋዛ አልታለፈም፤ በ1974 ናይሮቢ ላይ ጉባኤ ተጠርቶበታል። ቄስ ጉዲና እ.ኤ.አ. በ1979 በደርግ ዘመን ታፍነው ተገደሉ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን «ሁለንተናዊ አገልግሎት» የሚለውን ቃል ዛሬም ትይዛለች። በዚህ ክርክር ውስጥ ለጋሾቹም ሙሉ በሙሉ ጥፋተኛ አልነበሩም፤ ግብር ከፋዩ ለስብከት እንዲከፍል ማስገደድ አይችሉም ነበር። ችግሩ የነበረው ተለይቶ የሚሰጠው ብቻ ሲበዛና የተቀባዩ ምርጫ ሲጠብ ነው።

የእኛ መንግሥት በበኩሉ ገደቡን ከሌላ አቅጣጫ አምጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621 መሠረት አንድ ድርጅት ከወጪው ከ30 በመቶ በላይ ለአስተዳደር ማዋል አይችልም ነበር፤ በአፈጻጸሙም እንደ ሥልጠናና መጓጓዣ ያሉ፣ ለጤና ሥራ ነፍስ የሆኑ ወጪዎች ሳይቀሩ ከአስተዳደር ይቆጠሩ ስለነበር ብዙዎች ተቸግረዋል። በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ አውርዶ፣ አስተዳደር የሚባለውን ግን አጥብቦ ተረጎመው። ቤተ እምነቶች ራሳቸው በነዚህ አዋጆች አይተዳደሩም፤ ለሕክምናና ለልማት ሥራ የሚያቋቁሙት ድርጅት ግን ይተዳደራል።

በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም ወይም በዱባይ ሆኖ ለአገር ቤት ሆስፒታል መስጠት የሚፈልግ ሰው ይህን ሁሉ ካወቀ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል። «ከመቶው ስንቱ ይደርሳል?» የሚለው ተገቢ ነው፤ መልሱንም በአሜሪካ ድርጅቱ በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ከሚያቀርበውና ለሕዝብ ክፍት ከሆነው ሰነድ፣ በእንግሊዝ ከበጎ አድራጎት ኮሚሽኑ መዝገብ ማየት ይቻላል፤ ቤተ ክርስቲያን በአሜሪካ ያንን ሰነድ የማቅረብ ግዴታ የለባትምና በእሷ በኩል የሚሰጥ ሰው የውስጥ ሒሳቧን መጠየቅ ይኖርበታል። የላቀው ጥያቄ ግን ለሆስፒታሉ የሚቀርበው ነው፤ ባለፈው ዓመት ገንዘብ አጥታችሁ የቆመባችሁ ሥራ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ለአንድ ሆስፒታል ሒሳብ ሹም በስልክ ሳቀርብላት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና፣ ለጄኔሬተሩ ማጣሪያና ለሁለት የማታ ተረኛ ነርሶች የትርፍ ሰዓት ክፍያ መሆኑን ነገረችኝ። ቼኩ ግርጌ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ ስላት፣ «ምንም አትጻፍበት፣ ባዶውን ተወው» አለችኝ።